እንዳላየሁ ያለፍኳቸው ሰው

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የራሴንም የእሳቸውንም ስም ቀይሬያለሁ። ጥፋቴን ግን እንዳለ ነው የምነግራችሁ። ጥፋትን እያሳመሩ መናገር ከመዋሸት አይለይም፤ እኔ ደግሞ ለራሴ ስዋሽ ኖሬ ደክሞኛል።

ሐያት በሉኝ። ነርስ ነኝ። ጦርነቱ ወደ እኛ ሲደርስ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሀብሩ ወረዳ ካሉት አነስተኛ ጤና ጣቢያዎች በአንዱ እየሠራሁ፣ ግራና ከተማ እናቴ ትታልኝ በሞተችው ቤት ብቻዬን እኖር ነበር። ያኔ አንድ የምኮራበት ነገር ነበረኝ፤ ምስጢር እጠብቃለሁ። «ሐያት ጋ የገባ ነገር አይወጣም» ይሉኛል ሰዎች። ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ገበያ መሀል ስሄድ የስንቱን ሰው ሕመም በሆዴ ይዤ እንደምሄድ እያሰብኩ ደረቴን ነፋ አደርግ ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ አካባቢያችን ልማድ ጥቂት ልበል። በእኛ ዘንድ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ ሰው መድኃኒቱን ደጁ ካለው ጤና ጣቢያ አይወስድም። የግራናው መርሳ ይሄዳል፣ የመርሳው ወልድያ፣ የወልድያው ደሴ። የደሴው ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ እንጃ፤ ዞሮ ወደ እኛ ሳይመጣ አይቀርም። አንድ ሚኒባስ ውስጥ ሦስት አራት ሰው ለዚሁ ጉዳይ ተሳፍሮ፣ አንዱ «ለቅሶ ልደርስ ነው»፣ ሌላው «ዕቃ ልገዛ ነው» እየተባባለ ወልድያ ይገባል። እዚያ ሲደርሱ ተለያይተው በየአቅጣጫው ይሄዱና አንድ በር ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ አንዱ ሌላውን እንዳላየ ይሆናል። እንዳላየ መሆን በእኛ አገር ትልቅ ጨዋነት ነው።

ጋሽ ሙሄ ግራና ገበያ ዳር ሱቅ ያላቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ሃምሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ «በሳንባ ነው» ተብሎ ተቀብረዋል። ከዚያ ወዲህ ከታላቅ እህታቸው ከእትዬ ከድጃ ጋር ይኖራሉ። በኪስ አሰፋፋቸው አገር ያውቃቸዋል። ገበሬ ሁሉ ኮት ሲያሰፋ «የጋሽ ሙሄን የውስጥ ኪስ አድርጉልኝ» ይላል። ሌባ እንኳ አያገኘውም ይባልለታል። የመጀመሪያዋን የነርስ ጋወኔን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። «አብሽሪ፣ ይቺን ለብሰሽ መርፌ ስትወጊ በሽተኛው ራሱ ‹ድገሚኝ› ይልሻል» ብለውኝ ነበር።

ጦርነቱ ሊደርስ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ለአጭር ሥልጠና ወልድያ ሆስፒታል ሄድኩ። ሥልጠናው የሰውነት መከላከያቸው ስለተዳከመ ሰዎች ነበር። አስተማሪው ካስተማረን ውስጥ አንዱ ስለ አንድ ቫይረስ ነው፤ ሳይቶሜጋሎ ይባላል። አብዛኞቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ በሰውነታችን ይዘነው እንኖራለን፣ ምንም አያደርገንም፣ ተኝቶ ይኖራል። የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው መከላከያው እጅግ ሲወርድ ግን ይነሳል። ሲነሳ ዓይን ላይ መውጣት ይወዳል። አስተማሪው ሳቅ ብሎ፣ «እንዲህ ያለ ታማሚ ‹ዓይኔ ላይ ዝንብ ይዞራል› ካላችሁ ዝንቡን አትፈልጉ፤ በቶሎ ወደ ዓይን ሐኪም ላኩት። አያምም፣ አይቀላም። ዝም ብሎ ነው የሚያጠፋው» አለን። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ከሥሩም አሰመርኩበት።

በዚያው ቀን ለምሳ ስወጣ ጋሽ ሙሄን አየኋቸው። ከዚያ በር ወጥተው ነጭ የመድኃኒት ብልቃጥ በጥጥ ጠቅጠቅ አድርገው፣ እንዳይንኳኳ መሆኑ ነው፣ ኮታቸው ውስጥ ሲከቱ። ያ የተደነቀ የውስጥ ኪስ ለምን እንደተፈለሰፈ ያን ጊዜ ገባኝ። ቀና ከማለታቸው በፊት ዞር ብዬ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ እጅ መታጠብ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዞር ስል የሉም፤ አላዩኝም ብዬ እፎይ አልኩ። ከዚያ በኋላ ግራና ላይ በተገናኘን ቁጥር ሰላምታዬን ሞቅ እያደረግሁ ምንም እንደማላውቅ ሆንኩ። በራሴ ኮራሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ስለ ጦርነቱ ብዙ አልልም፤ የእኛ አገር ሰው የሆነ ሁሉ የራሱን ይዟል። ክረምት ላይ የወልድያ መንገድ ተዘጋ፣ መብራት ሄደ፣ ስልክ ጠፋ። ጤና ጣቢያው ሊዘጋ ሲል ኃላፊያችን «የቻላችሁትን ያህል መድኃኒት እየያዛችሁ ቤታችሁ ደብቁ» አለን። እኔ ሁለት ካርቶን ተሸክሜ ገባሁ። ፋሻ፣ የተቅማጥ ንጥረ ነገር፣ የዓይን ቅባት፣ እና አሥራ አራት ብልቃጥ የኤች አይ ቪ መድኃኒት። ሁሉንም በላስቲክ ጠቅልዬ በእናቴ ጎታ ውስጥ ከማሽላው ሥር ቀበርኩት።

እኛ ጋ የተመዘገቡትን ታማሚዎች አውቃቸዋለሁ፤ አንድ በአንድ እየመጡ «እስቲ ማሽላ አበድሪኝ» ይሉኛል። ቁና ማሽላ እሰፍርላቸዋለሁ፤ መሀሉ ላይ ብልቃጡ አለ። በሥራዬ እጅግ እደሰት ነበር። ሁሉም ከወሰዱ በኋላ አምስት ብልቃጥ ተረፈ። «ድንገት የሚመጣ ካለ» ብዬ አስቀመጥኩት።

ማን እንደሚመጣ ነበር የምጠብቀው? ጋሽ ሙሄ የተመዘገቡት ወልድያ ነው። ወልድያ ተዘግቷል። ይህን አውቃለሁ። ብልቃጣቸው ማለቅ ያለበትን ጊዜ እንኳ ጣቴን ቆጥሬ መናገር እችል ነበር። ግን ሄጄ «መድኃኒት አለኝ» ብላቸው «አውቄብዎታለሁ» ማለቴ አይደል? ሰውየው ስንት ዓመት የደበቁትን ልገልጥባቸው? «ፋይላቸው እኛ ጋ አይደለም» እያልኩም ራሴን አጽናናሁ። አገር በፈረሰበት፣ ፋይል ባለበት ክፍል ፍየል በሚያድርበት ጊዜ፣ እኔ ስለ ፋይል አስብ ነበር።

መኸር ሲሰበሰብ አንድ ከሰዓት በኋላ መጡ። እኔ ቤት ጎረቤቶቼ ተሰብስበው ማሽላ እንፈለፍላለን።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉና ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀመጡ። ከስተዋል። ኮታቸው ተንጠልጥሎባቸዋል፤ በግራ በኩል ሁልጊዜ ጉብ የሚለው የውስጥ ኪስ ጠፍጣፋ ነው። ይህን አየሁ። መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው።

«ሐያቴ፣ ዓይኔን እይልኝ እስቲ። በግራ በኩል ጥቁር ዝንብ መሰል ነገር ይዞርብኛል። «እሽ» ብዬ አባርረዋለሁ፣ አይሄድም።»

ትርንጎ የምትባለው ጎረቤቴ ከት ብላ ሳቀች። «ጋሽ ሙሄ፣ ዝንቡም እኮ ሥራ ፈቶ ነው። ልብስ ስፉልኝ ሊልዎት ይሆናል!»

«ልኩን ልወስድ ብዬ እጄን ስዘረጋ ነው የሚሸሸኝ» አሉ እሳቸውም። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

በባትሪ ዓይናቸውን አየሁት። አልቀላም፣ አላዠም፣ ሲነኩት አያምም። ንጹሕ ዓይን ነው። ንጽሕናው ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። ደብተሬ ላይ ያሰመርኩበት መስመር ያን ጊዜ አልመጣልኝም ብላችሁ ደስ ባለኝ። መጥቶልኛል። ልክ ማታ ስሙን የረሱት ሰው ጠዋት ትዝ እንደሚል ነገር አይደለም፤ ባትሪውን እንደያዝኩ፣ እዚያው፣ መጥቶልኛል። ግን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ነው፤ «መድኃኒትዎን አቋርጠዋል?» ማለት። ትርንጎ አጠገቤ ናት፤ ሌሎቹም ጆሯቸውን ቀስረዋል። ውጡልኝ ብልስ ምን ይሉኛል? እሳቸውን ብቻ ወደ ጓዳ ብጠራ ምን ያስባሉ?

«አቧራው ነው፣ ጋሽ ሙሄ። በጨለማ መስፋትዎም ይሆናል» አልኩና አንድ የዓይን ቅባት ሰጠኋቸው።

«አላህ ይስጥሽ።» ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ሐያቴ… ሌላ…» አሉ።

«ሌላ ምን?» አልኩ፤ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ።

ሴቶቹን አየት አደረጉ። «ኧረ ምንም። ሰላም ዋሉ» ብለው ወጡ።

ከኋላዬ፣ ሦስት እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ጎታው ቆሟል።

በማግሥቱ ሕሊናዬ አላስቀምጥ ሲለኝ ወደ ሱቃቸው ሄድኩ። ልነግራቸው ቆርጬ ነው የወጣሁት። ስደርስ ሁለት ሽማግሌዎች አጠገባቸው ተቀምጠው ይጨዋወታሉ። ጋሽ ሙሄ ቀና ብለው «ምነው ሐያቴ፣ ምን ልታዘዝ?» ሲሉኝ «ክር ፈልጌ ነው» አልኩ። ቀይ ክር ገዝቼ ተመለስኩ። ምን ልሰፋበት እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ክሩ አሁንም አለ።

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። መንገዱ በተከፈተ፣ ሰውም ወደ ወልድያ መሄድ በጀመረ ሰሞን አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እትዬ ከድጃ ናቸው። ሰላምታም ሳይሰጡኝ፣ ገብተን እንደተቀመጥን ከነጠላቸው ሥር አንድ የሕፃን ሸሚዝ አውጥተው ጭኔ ላይ ጣሉት።

«እይው።»

አየሁት። ያማረ ስፌት ነው። እጅጌው ግን በእጅ መግቢያው በኩል ጥርቅም ተደርጎ ተሰፍቷል። እጅ የሚገባበት የለም።

«የጎረቤት ልጅ ሸሚዝ ነው። እናትየዋ ሳቀች። የሰፋው ወንድሜ ግን አልሳቀም፤ በእጁ እየዳበሰ ተቀመጠ። ትናንት ደግሞ ቦይ ውስጥ ወደቀ። ግራ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ሐያት። መጋረጃ ወረደበት ይላል። ዛሬ ጠዋት ሲነሳ ደግሞ ዝንቧ ወደ ቀኙ ተሻገረች አለኝ።»

ምን እንደምል ስፈልግ «ምናልባት… እንትን… የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት…» ብዬ ተንተባተብኩ።

እትዬ ከድጃ አዩኝ። ያንን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም።

«አንቺም ታውቂያለሽ እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔም አውቃለሁ። ከሚስቱ ሞት ጀምሮ አውቃለሁ። ያችም ጎረቤትሽ ትርንጎ ታውቃለች፤ ባለፈው ለእኔ ‹ወንድምሽ መድኃኒቱን ከየት ያገኝ ይሆን?› ብላ ተጨንቃ ጠየቀችኝ። ወላሂ፣ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ከማን ነበር የምንደብቀው?»

ተነስቼ ጎታው ውስጥ እጄን እስከ ትከሻዬ ከተትኩና አንድ ብልቃጥ አወጣሁ። እትዬ ከድጃ ብልቃጡን አዩ፣ ጎታውን አዩ፣ እኔን አዩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አሁኑኑ ወልድያ እንሄዳለን» አልኩ። «ይህን አሁን ልሰጣቸው አልችልም፤ መጀመሪያ ዓይናቸው መታየት አለበት። ሐኪሙ ነው የሚያዘው።»

ከግራና የሚያወጣ መኪና አልነበረም። ባጃጆቹ በነዳጅ እጦት ቆመዋል። በእግር እስከ አስፋልቱ ተጓዝን። ጋሽ ሙሄ በመሀላችን፣ አንድ እጃቸው በእህታቸው ትከሻ፣ አንዱ በእኔ። ከመርሳ እህል የጫነ አይሱዙ ለምነን ከኋላ ጆንያ ላይ ወጣን። መንገዱ ዳር የተቃጠለ መኪና ባለፍን ቁጥር ሹፌሩ ይቀንሳል።

ጋሽ ሙሄ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ያደርጋሉ። ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይከድኑና «ተራራው አለ» ይላሉ። ቀኙን ይከድኑና «የለም» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ይደግሙታል። «ዛፉ አለ… የለም።» «ድልድዩ አለ… የለም።» እኔ ልቤ በእያንዳንዷ «አለ» እና «የለም» መሀል ይሰቀላል። አንድ ጊዜ ግራቸውን ከድነው ዝም አሉ። ደነገጥኩ።

«ጋሽ ሙሄ?»

«አብሽሪ። ዝንቧ መጥታ ነው። እስክታልፍ እየጠበቅኋት ነው።»

ወልድያ ስንገባ ከሰዓት ሆኗል። ሆስፒታሉ ከደረሰበት ጉዳት ገና ሥራ መጀመሩ ነው፤ ሰው ግቢውን ሞልቶታል። ዕድል ሆኖ ለእርዳታ ከሌላ ከተማ የመጣ የዓይን ሐኪም ነበር። ወጣት ነው። ወረፋውን ጥሼ ገብቼ ነርስ መሆኔን ነገርኩት። «ኤች አይ ቪ አለባቸው። መድኃኒት ካቋረጡ ወራት አልፈዋል። መጀመሪያ ዝንብ፣ ከዚያ መጋረጃ። አንዱ ጠፍቷል፣ ሁለተኛው ዛሬ ጀመረ» አልኩት። ያ ሁሉ ወር ያልወጣኝ ቃል በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ሐኪሙ ወዲያው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ዝንቡን መቼ ነገሩሽ?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት።»

ሌላ አልጠየቀኝም። የዓይናቸውን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አደረገላቸውና «ዓይንዎን ጨፍነው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ» አላቸው። ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እትዬ ከድጃ ዐሱር ደርሶባቸው ነበርና ሊሰግዱ ወጡ። ሁለታችን ብቻ ቀረን። ጋሽ ሙሄ ዓይናቸውን ጨፍነው ጭንቅላታቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈዋል።

አሁን አያዩኝም ብዬ አሰብኩ። ዓይናቸው ክፍት ቢሆን የምናገረው አይመስለኝም። ይህንንም የምጽፈው አፍሬ ነው።

«ጋሽ ሙሄ።»

«ወዬ።»

«እኔ ቤት ነበር።»

«ምኑ?»

«መድኃኒቱ። አንቱ የሚወስዱት። ጎታ ውስጥ ደብቄው ነበር። አምስት ብልቃጥ ተርፎኝ ነበር። ያን ቀን ሲመጡ ከጀርባዬ ነበር። ኪስዎ ባዶ መሆኑንም አይቻለሁ። አፍሬ ነው። ሰው ነበረ… አፍሬ ነው ያልጠየቅሁዎት። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

ጠብታው ከዕንባ ጋር ተቀላቅሎ ይሁን ብቻውን አላውቅም፣ ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል።

«እንደምወስድ በምን አወቅሽ?»

«እዚሁ ግቢ። ያን ጊዜ ለሥልጠና መጥቼ አየሁዎት። አላዩኝም።»

«አይቼሽ ነበር» አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸው እንደተጨፈነ ነው።

«ማስታወቂያ ታነቢ ነበር። ስለ ሳሙና የሚያወራ። ነርስ የሆነች ልጅ ስለ ሳሙና ያን ያህል ምን ታነባለች? እንዳላየሽ እየሆንሽልኝ እንደሆነ ገባኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰግጄ ዱዓ ሳላደርግልሽ ቀርቼ አላውቅም። ‹ያ አላህ፣ ያች ልጅ ነውሬን እንደሸፈነችልኝ፣ ነውሯን ሸፍንላት› እላለሁ። ዛሬም ጠዋት ብያለሁ።»

ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። በዚያው ቅጽበት ሐኪሙ ሙሉ ስማቸውን ጮክ ብሎ ጠራ፣ እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን ፈለጉ። ደግፌ አስገባኋቸው። አውፍ ይበሉኝ አይበሉኝ ሳልሰማ ቀረሁ።

ሐኪሙ ጨለማ ክፍል ውስጥ በመሣሪያው ረጅም ጊዜ አያቸው። ግራውን አየ፣ ትንፋሹን ዋጥ አደረገ። ቀኙን አየ። «ወደ ላይ ይመልከቱ። ወደ ታች። ወደ እኔ።» እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ እትዬ ከድጃ ተመልሰው ክንዴን ጨምቀው ይዘዋል። ጣታቸው የጨመቀኝ ቦታ ሳምንት ሙሉ ጠቁሮ ነበር።

«ግራው አይመለስም» አለ ሐኪሙ በመጨረሻ። «የቀኙ ጫፉ ላይ ነው ያለው። መሀሉን ገና አልነካውም። ግን አይጠብቅም። አዲስ አበባ መሄድ አለባቸው፤ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አለ። የኤች አይ ቪውንም መድኃኒት መቼ እንደሚቀጥሉ እዚያው ይወስናሉ፤ ዓይኑ ሳይታከም ዝም ብሎ ቢጀመር ሰውነት ሲነቃ ዓይኑን ሊያስቆጣው ይችላል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቀድሞም ዘግይተው ነው ሕክምና የጀመሩት፤ መከላከያቸው ዝቅተኛ ነበር። እንደዚህ ያለ ሰው መድኃኒቱን አንድ ወር እንኳ ማቋረጥ የለበትም። ባያቋርጡ ይህ አይመጣም ነበር» አለኝ። እንደ ባለሙያ ለባለሙያ ነው የነገረኝ። የማንን ጥፋት እንደሚናገር አላወቀም።

በማግሥቱ ጠዋት አዲስ አበባ ወዳለው የወንድማቸው ልጅ ተሳፈሩ። መኪናው ሲነሳ ጋሽ ሙሄ ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከደኑና በመስኮት ወደ እኔ ዞሩ።

«ሐያት አለች» አሉ።

ለሳምንታት መርፌው ተሰጣቸው፣ መድኃኒታቸውንም ቀጠሉ። ቀኙ ተረፈ። ግራው ጨለማ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ እኔ ነኝ የተለወጥኩት። ምስጢር መጠበቅና እንዳላዩ ማለፍ አንድ ይመስለኝ ነበር። አይደሉም። ምስጢር የሚጠበቀው በር ተዘግቶ ከተጠየቀ በኋላ ነው። እኔ ሳልጠይቅ ነው የጠበቅሁት። «ሐያት ጋ የገባ አይወጣም» ይሉኝ የለ? መድኃኒቱም ገብቶ አልወጣም። ዛሬ ማንም ሰው ስለ ዓይኑ ሲያወራኝ ቤት የሞላ ሰው ቢኖር «አንዴ ውጡልኝ» እላለሁ። ይቀየሙኛል፤ ይቀየሙ። ትርንጎ ራሷ ሦስት ጊዜ ወጥታለች።

መድኃኒቱን የምትወስዱ፣ ይህን ካነበባችሁ፣ ከመንገድ መዘጋት በላይ የሚጎዳችሁ ዝም ማለት ነው። ካርዳችሁ የትም ይሁን የት፣ ብልቃጡ ሳያልቅ አቅራቢያችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ዓይናችሁ ላይ ዝንብ ከዞረ፣ ብልጭ ካለ፣ ጥላ ከወረደ፣ አላመመኝም ብላችሁ አትቆዩ፤ በዚያው ቀን ሂዱ። ኩላሊት የተተከለለት ወይም የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ዘመድ ያላችሁም እንዲሁ፤ ይህ ቫይረስ የደከመ ሰው ይመርጣል። የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ እናንተን አልመክርም። ጎታችሁን ብቻ ፈትሹ።

የጋሽ ሙሄ ዱዓ ሰምሮ ነውሬ እስከ ዛሬ ተሸፍኖ ኖሯል። ዛሬ እኔው ገለጥኩት። ከመጻፌ በፊት ፈቃድ ጠየቅኋቸው። «ስሜን ቀይሪው እንጂ ጻፊው፤ ብቻ ቆንጆ ሰው አድርጊኝ» አሉኝ። «አውፍ ብለውኛል?» ብዬም ደግሜ ጠየቅኋቸው። ወሬ ቀየሩብኝ።

አሁን መድኃኒታቸውን ከእኔው ጤና ጣቢያ ነው የሚወስዱት፤ ብልቃጡን በእጃቸው ይዘው፣ ያለ ጥጥ፣ እያንኳኩት በገበያው መሀል ያልፋሉ። ባለፈው ጊዜ ሲመጡ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። አዲስ ጋወን ሰፍተውልኛል። ስለብሰው አንዱ እጅጌ ከሌላው በሁለት ጣት ይረዝማል። ባልደረቦቼ «አስተካክይው እንጂ» ይሉኛል። በየቀኑ ጠዋት ያንን እጅጌ አንድ ጊዜ አጥፌ ሥራ እጀምራለሁ። አላስቆረጥኩትም።